ፕላስቲኩ ወንበር ገበያዬን ወሰደው፤ ዲዛይን ያዋጣኛል ወይ?

ጥያቄው

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። ዕድሜዬ 31 ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የብረትና የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ አለኝ። ከእኔ ጋር ስድስት ልጆች ይሠራሉ። ዋናው ሥራችን ለሐይቅ ዳር ካፌዎችና መዝናኛዎች ወንበርና ጠረጴዛ መሥራት ነበር። አሁን ፕላስቲክ ወንበር ገበያውን ወሰደብኝ። አንዱን ወንበር 2,600 ብር እሸጥ ነበር። ወደ 2,300፣ ከዚያም ወደ 2,000 አወረድኩ። ፕላስቲኩ 1,500 ነው። አሁን ከአንድ ወንበር የሚተርፈኝ የሻይ ብቻ ነው። ጎንደር ወስጄ ለመሸጥም ሞክሬ ነበር። አንድ ኢሱዙ የሚይዝልኝ 70 ወንበር ብቻ ስለሆነ ትርፉን ኪራይ በላው። ጓደኞቼ ‹ዲዛይን ላይ ሥራ፣ ፈጠራ ጨምርበት› ይሉኛል። ለእኔ ዲዛይን ማለት ማሳመር ነው፤ ማሳመር ደግሞ ወጪ ነው። በእጄ 150,000 ብር አለ። ቱቦ ማጠፊያ ማሽን ልግዛበት? ወይስ ይሄ ዲዛይን የሚባለው ነገር እውነት ተወዳዳሪ ያደርገኛል?»

መልስ

ወንድሜ፣ ዕድሜህን ስለነገርከኝ «አንተ» እያልኩ ልጻፍልህ። ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው ልበልህ። ዋጋ ማውረዱን አቁም። ማሽኑንም ለጊዜው አትግዛ። ዲዛይን ተወዳዳሪ ያደርግሃል፤ አንተ የምታስበው ዓይነት ዲዛይን ግን አይደለም። ማሳመር ብቻ ቢሆንማ ልክ ነህ፣ ወጪ ነው።

መጀመሪያ ተፎካካሪህን እንወቀው። ያ ነጭ ፕላስቲክ ወንበር አንድ ወጥ ነው። ጥሬ ዕቃው ከ200 ዲግሪ በላይ ሞቆ ይቀልጣል፤ በግፊት ፎርማ ውስጥ ይገባል፤ ቀዝቅዞ ይወጣል። ፈረንሳዊው ኦንሪ ማሶኔ እንዲህ ዓይነቱን ወንበር እ.ኤ.አ. በ1972 ሲያወጣ አንዱን ለመሥራት ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር። ብየዳ የለ፣ ብሎን የለ፣ ቀለም የለ። ፎርማው እጅግ ውድ ነው፤ ግን ወጪው በብዙ ሺህ ወንበር ላይ ይበተናል። አንተ አንዱን ወንበር በይደህ፣ ሞርደህ፣ ቀብተህ እስክትጨርስ እነሱ መቶ ያወጣሉ። 1,500 ብትደርስበት እሱ 1,300 መውረድ ይችላል። አንተ ግን ከዚያ በታች ደሞዝ መክፈል አትችልም።

የሃርቫርዱ የንግድ ስልት ምሁር ማይክል ፖርተር ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1980 በደንብ አስቀምጦታል። ወይ በወጪ ከሁሉም ታንሳለህ፣ ወይ ገዢው ሌላ ቦታ የማያገኘውን ነገር ትሰጣለህ። ከሁለቱም ያልሆነ ድርጅት መሃል ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል። 2,000 ብር ላይ ያለው ወንበርህ አሁን እዚያ መሃል ላይ ነው ያለው። ርካሽ አይደለም፣ የተለየም አይደለም።

አሁን ዲዛይን ወደሚባለው ነገር እንምጣ። እስቲ ጄሪካንን ተመልከት። እናቶቻችን በእንስራ ነበር ውኃ የሚቀዱት። እንስራ ውብ ነው፣ ውኃም ያቀዘቅዛል። ግን ባዶውን እንኳ ይከብዳል፤ እግር ካዳለጠ ደግሞ ይሰበራል። ጄሪካን መጣና እንስራን ከጀርባ አወረደው። ያምራል ብሎ የገዛው ሰው የለም። መነሻው ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ለጦራቸው የሠሩት ባለ 20 ሊትር የብረት ነዳጅ መያዣ ነው። እላዩ ላይ ሦስት መያዣ አለው። የመሃሉን ይዞ አንድ ሰው ሙሉውን ይሸከማል። የዳር ዳሩን ይዘው ሁለት ሰዎች ይጋሩታል። ባዶ ሲሆን ደግሞ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ማንጠልጠል ይችላል። የእንግሊዞቹ ቆርቆሮ ያፈስ ስለነበር የጠላታቸውን ዕቃ ማርከው እስከ መኮረጅ ደረሱ። ስሙም የመጣው ለጀርመኖች ከሰጡት ቅጽል ስም ነው።

የሠራው ሰው ነዳጁን ማን እንደሚሸከም፣ ለስንት ሆኖ እንደሚሸከም፣ ሲመለስስ ባዶውን ምን እንደሚያደርገው አስቦ ነው ሦስት ያደረገው። ዲዛይን ስል ይህን ማለቴ ነው። አንተ ወንበር ስትሠራ ስለ ማን እያሰብክ ነው? ስለሚቀመጠው ሰው እንደምታስብ አልጠራጠርም። ስለሚሰበስበው አስተናጋጅስ? ስለሚያጥበው? ስለሚጭነው?

ባለፈው እሑድ ጥያቄህን በልቤ ይዤ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ካፌ ለሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ግማሹ ወንበር ፕላስቲክ ነው፤ ግማሹ እንዳንተ ዓይነት የብረትና የጣውላ። የማንም ወርክሾፕ ሥራ ይሁን፣ ያየሁትን ልንገርህ።

አንድ ጠረጴዛ ይወዛወዛል። አስተናጋጇ ሳትጠየቅ ጎንበስ አለችና ከመሬት ቆርኪ አንስታ እግሩ ስር ወሸቀችው። ስታደርገው ዓይኗ እዚያ አልነበረም፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደምታደርገው እጇ ይናገራል። ቀጥሎ አንዲት እናት ሲነሱ የነጠላቸው ጥለት ወንበሩ ላይ ቀረ። ጠጋ ብዬ አየሁት። የብየዳው ፍንጣሪ ሳይሞረድ ቀርቶ እንደ እሾህ ቆሟል። እሳቸው ሁለተኛ ሲመጡ የሚመርጡት ፕላስቲኩን ነው። ሣሩ ላይ ያሉት ወንበሮች ደግሞ የእግራቸው ጎማ ወልቋል። ባዶው ቱቦ እንደ ቡሽ መክፈቻ መሬቱን ሰርስሮ ገብቷል። ውስጡ ጭቃ ሞልቷል። ዝገቱ የጀመረው ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነው፤ ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ቀለሙን አሳብጦ ወጥቷል።

ከዚያ ከሐይቁ ነፋስ ተነሣ። ሁለት ፕላስቲክ ወንበሮች በጀርባቸው ወደቁ፤ አንዱ እስከ አጥሩ ተንሸራተተ። የብረቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ይሄ ላንተ ገንዘብ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዋናውን ነገር ያየሁት ካፌው ሊዘጋ ሲል ነው። አንድ ልጅ ፕላስቲኮቹን አሥር አሥር እየደራረበ በአምስት ደቂቃ ጥግ አስያዛቸው። የብረቶቹ አይደራረቡም። አንድ በአንድ እየተሸከመ ጥቂቶቹን መጋዘን አስገባ፤ ቦታ ሲሞላበት ሌሎቹን ውጭ ጥሏቸው ሄደ። ባለቤቷን «ፕላስቲኩን ለምን መረጡ?» አልኳቸው። ርካሽ ስለሆነ ይሉኛል ብዬ ነበር። «ማታ ማታ ያንን ብረት የት ላድርገው?» አሉኝ።

ወንድሜ፣ አንተ ሁለት ጊዜ ዋጋ ቀንሰህ የመለስከው ጥያቄ ደንበኞችህ ያልጠየቁህን ነው። እነሱ የጠየቁህ ስለ ማታው ነው። 600 ብር ከኪስህ አውጥተህ ያላገኘኸውን ነገር፣ የእግሩን አቅጣጫ በመለወጥ ልታገኘው ትችል ነበር።

ዘዴው እንዲህ ነው። ያንተም ወንበር ካፌው ውስጥ እንዳየሁት ከሆነ፣ የፊት እግሮቹ ከመቀመጫው ስር ይነሳሉ፤ ታች ደግሞ በአግዳሚ ቱቦ ተያይዘዋል። ያ አግዳሚ ነው መደራረብ የሚከለክለው። አግዳሚውን ወደ መቀመጫው ስር አውጣው። እግሮቹን ከመቀመጫው ስር ሳይሆን ከጎንና ከጎኑ አውርዳቸው። ወደ ታች ሲሄዱም ትንሽ ትንሽ ይከፈቱ። ያኔ የላይኛው ወንበር የታችኛውን መቀመጫ አቅፎ ይቀመጣል። ብረት አልጨመርክም፤ የአንዱን ቱቦ ቦታ ብቻ ቀየርክ።

ይሄው ለውጥ የጎንደሩንም ችግር ይነካል። አንተ ጎንደር የላክኸው በአብዛኛው አየር ነው። በወንበርና በወንበር መሃል ያለውን ባዶ ቦታ ኪራይ ከፍለህበታል። የቪየናው ሚካኤል ቶኔት የዛሬ 160 ዓመት ገደማ ይህን ችግር ፈትቶታል። እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣው ቁጥር 14 የሚባለው የካፌ ወንበር በእንፋሎት ከታጠፈ እንጨት የተሠራ ነው። ስድስት ቁራጭ እንጨት፣ አሥር ብሎንና ሁለት ዳዶ ብቻ። ተፈታትቶ 36 ወንበር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ ሳጥን ይገባ ነበር። ደንበኛው አገር ሲደርስ ይገጠማል። ወንበሩ ዓለምን የዞረው በዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1930 ድረስ 50 ሚሊዮን ገደማ ተሸጧል። አንተ መፍታት አያስፈልግህም፤ መደራረቡ ይበቃሃል። ኢሱዙው ከ70 ይልቅ 210 ቢይዝልህ ያው ኪራይ ለሦስት እጥፍ ወንበር ይካፈላል። ገበያህ ጎንደር ብቻ ሳይሆን ደብረ ታቦርና ደብረ ማርቆስም ይሆናል።

ወደ ዝገቱ ልመለስ። በዚያው እሑድ አንድ ደንገል ታንኳ ከዘጌ በኩል እንጨት ጭኖ ሲመጣ አይቼ ረጅም ሰዓት ሳሰላስል ነበር። ታንኳ ውኃ ያስገባል። ግን አይሰምጥም፤ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ስለሆነ። ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ታንኳውን የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች ውኃ እንዳይገባ አልታገሉም፤ ቢገባም እንዳይጎዳ አድርገው ነው የሠሩት። አንተም ከዝናቡ ጋር አትታገል። ጎማ ጫማ ብትሰካ ሰበቡ ብዙ ነው፤ ይወልቃል። ይልቅ የእግሩን ጫፍ በትንሽ ክብ ላሜራ በይደህ ዝጋው። ክቡ ከቱቦው ሰፋ ስለሚል ሣሩ ውስጥ አይሰርግም። ልክ ከላሜራው በላይ በጎኑ አንድ የ6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሳ። የገባው ውኃ በዚያ ይወርዳል፣ አየርም ይገባል። የዝገት መከላከያ ቀለሙን፣ አንቲረስቱን፣ በይደህ ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በቀዳዳው ወደ ቱቦው ውስጥም አፍስስ።

ለጠረጴዛው ደግሞ ከቆርኪ የተሻለ አለ። ሦስት እግር መቼም አይወዛወዝም፤ በርጩማ የትም ብታስቀምጠው ይቆማል። የሚያስቸግረው አራተኛው ነው። ስለዚህ አራቱንም እግር ማስተካከያ አታድርግባቸው፤ አንዱን ብቻ። የአንዱ እግር ጫፍ ላይ ዳዶ በይድ፣ ሰፊ ራስ ያለው ብሎን ከስር ግጠምበት። አስተናጋጇ በእጇ አዙራ ታስተካክለዋለች። ወንበር ላይ ግን አታድርገው፤ ወንበር በየደቂቃው ቦታ ስለሚቀይር አይጠቅምም።

ጣውላው ላይም አንድ ነገር ልበል። ዋንዛም ይሁን ባሕር ዛፍ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ብሎኑ የሚላላው ለዚህ ነው። ቀዳዳውን ሞላላ አድርገው፣ ሰፊ ሮንዴላ ጨምርበት። በጣውላና በጣውላ መሃል አንድ ጣት የማያስገባ ክፍተት ተው፤ ዝናብ አይተኛበትም።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልንገርህ፣ እንድትማርበት። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሐይቅ ዳር ላለ መዝናኛ ዝቅ ያለ ወንበር ነደፍኩ። ፎቶ ላይ በጣም ያምር ነበር። መቀመጫው ከመሬት 38 ሳንቲ ሜትር ነበር። ናሙናውን ወጣቶች ብቻ ተቀምጠው ሞከሩት። ገዳማቱን ለመሳለም የሚመጡ አዛውንቶች ግን አንዴ ከተቀመጡ ለመነሣት ሰው መጥራት ነበረባቸው። 45 ሳንቲ ሜትር ማድረግ ነበረብኝ። ሁለተኛ ትእዛዝ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ የማንኛውንም ወንበር ናሙና መጀመሪያ የማስቀምጥበት ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው።

«ይሄ ሁሉ ትንንሽ ነገር ነው፤ ፈጠራ የሚባለው የቱ ነው?» ትለኝ ይሆናል። ፈጠራ የግድ ማንም ያላየውን ነገር ማምጣት አይደለም። ቤተልሔም ጥላሁን ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ስትጀምር በረባሶ አዲስ ነገር አልነበረም። ከመኪና ጎማ ጫማ መሥራት አገር ያውቀዋል። አዲሱ ነገር ያንን ሶል ውጭ አገር ያለ ሰው ከተማ ውስጥ የሚያደርገው፣ ጥራቱ ከጥንድ ጥንድ የማይለያይ ጫማ ማድረጓ ነው። ማኪንዚ የሚባለው አማካሪ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ጥናት አውጥቷል። 300 ኩባንያዎችን የአምስት ዓመት ሥራቸውን አይቶ፣ በዲዛይን የላቁት የገቢ ዕድገታቸው ከአቻዎቻቸው በ32 የመቶኛ ነጥብ እንደበለጠ አሳይቷል። እነሱ ግዙፍ ኩባንያዎች ናቸው፤ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ስድስት ሰው ወርክሾፕ አታምጣው። አንድ ልማዳቸውን ግን ውሰድ። ዲዛይንን እንደ ወጪና ገቢ ይለኩታል። ምርቱ ከወጣ በኋላም ተጠቃሚውን እየጠየቁ ማሻሻል አያቆሙም። አንተም አንድ ደብተር ያዝ። የተመለሰ ወንበር ሁሉ የት ቦታ እንደተበላሸ ጻፍ። ሦስት ወር ሳይሞላ ቀጥሎ ምን እንደምታሻሽል ደብተሩ ይነግርሃል።

አሁን ዋጋው። በል አብረን እንቁጠር። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ፀሐይዋ ለፕላስቲክ ክፉ ናት፤ ታደርቀዋለች፣ ከዚያ እግሩ ተከፍቶ ይሰነጠቃል። ውጭ የሚውል ፕላስቲክ ወንበር ሁለት ዓመት አገለገለ እንበል። ካፌዋ በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ትገዛለች፤ 4,500 ብር። ያንተን በ2,900 ሸጥክላት እንበል። በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በ200 በ200 ብር ቀለም ታድሳለህ። ድምሩ 3,300 ነው። በነፋስ አይወድቅም፤ ጣውላው ቢሰበር አንዱ ብቻ ይለወጣል።

ይህን በአፍህ ብትናገር ግን ማንም አያምንህም። በጽሑፍ ዋስትና ስጥ። «ብየዳው ከሦስት ዓመት በፊት ከለቀቀ በነጻ እጠግናለሁ» ብለህ ፈርምበት። በየመስከረሙ፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ ደንበኞችህን ዞረህ የመቀባትና የማጥበቅ ሥራ በውል ያዝ። ይሄም ፈጠራ ነው፤ ከወንበሩ ውጭ ያለ ፈጠራ። የፕላስቲኩ ሻጭ መስከረም ላይ አይመጣም። አንተ ትመጣለህ።

ለድንኳን አከራዮችና ለሠርግ ደጋሾች ግን አትድከም። እነሱ የሚፈልጉት ቀላልና ርካሽ ነው፤ ፕላስቲኩ ይሻላቸዋል። ተውላቸው።

መኮረጅስ? አዎ፣ ይኮርጁሃል። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጥበቃ ይሰጣል። የምስክር ወረቀቱ ለአምስት ዓመት ይጸናል፤ ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ዓመት ሊታደስ ይችላል። ወንበሩን አደባባይ ከማውጣትህ በፊት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ጠይቅ። ወረቀቱን ያዘው፣ ግን በእሱ ብቻ አትተማመን። የቶኔትም የባለቤትነት መብት እ.ኤ.አ. በ1869 አብቅቶ ብዙ ፋብሪካዎች ተከትለውታል። የእሱ ድርጅት ግን መሸጡን አላቆመም።

ያንተ ዋና ጥበቃ አሠራርህ ውስጥ ነው። ወንበር እንዲደራረብ ሁሉም አንድ ልክ መሆን አለበት። አንዱ በ5 ሚሊ ሜትር ከሰፋ ወይ ይጣበቃል ወይ ያዘነብላል። በዓይን መጥኖ የሚበይድ ሰው ቅርጽህን ሊኮርጅ ይችላል፤ አሥር ወንበር ቀጥ አድርጎ መደራረብ ግን አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ወፍራም የብረት ፎርማ ሥራ። ቱቦዎቹ እዚያ ውስጥ ተቀምጠው፣ ተይዘው ነው የሚበየዱት። ብረት ሲሞቅ ስለሚሳብ አራቱንም መገናኛ በነጥብ ያዝና ከዚያ በኋላ አስረዝመህ በይድ። አዲስ በያጅ ብትቀጥርም ወንበሩ አይለወጥም።

150,000ውን እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። 40,000 ለናሙና። ሦስት ዓይነት አድርገህ አሥራ አምስት ያህል ወንበር ሥራና ለሁለት ካፌ በውሰት ስጥ። ክረምቱን እዚያው ውጭ ይክረሙ። 25,000 ለፎርማው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ሂድና መካኒካል ወይም ኢንዱስትሪያል ምህንድስና የሚማሩ የመመረቂያ ሥራ የሚፈልጉ ተማሪዎች ጠይቅ። ወንበሩን በክብደት ቢፈትኑልህ፣ ሥዕሉን በልኩ ቢሠሩልህ ለእነሱም ትምህርት ነው። የትራንስፖርትና የቁሳቁስ ወጪያቸውን ሸፍንላቸው፤ 10,000 ይበቃል። የቀረውን 75,000 አትንካው፤ ለጥሬ ዕቃና ለደሞዝ መጠባበቂያ ነው። ናሙናው ክረምቱን ካለፈና ትእዛዝ ከመጣ ያኔ ማሽኑን እናስብ። ቱቦ ማጠፍ የብየዳ ቦታ ስለሚቀንስልህ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ግን ምን ማጠፍ እንዳለብህ ሳታውቅ የገዛኸው ማሽን አቧራ ይጠጣል።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። የዚህ ሳምንት ቅዳሜ ማታ ያንተ ወንበር ያለበት ካፌ ሂድ፣ ሊዘጋ ሲል። ወንበሮቹን ከሚሰበስበው ልጅ ጋር አብረህ ሰብስብ። የትኛው ቦታ ላይ እጁን እንደሚያሳርፍ፣ የትኛውን እንደሚጎትት፣ የትኛውን ውጭ ትቶ እንደሚሄድ እይ። ናሙናው ሲወጣም ጻፍልኝ። አሥሩን ስትደራርብ ስንተኛው ላይ እንደተጣበቀብህ ንገረኝና ከዚያ እንቀጥላለን።